«ፌንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ አንዴ «መከተ» አንዴ «ለራሱ ኖረ» የሚሆነው እንዴት ነው?

ሰብታይትል_ሰሪው
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ የምትረዱኝ ነገር ነበር። የእንስሳት ዶክመንተሪ ሰብታይትል ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ ሁለት ቀላል የሚመስሉ ቦታዎች ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። አንዱ ስለ ሃርፕ ሲል ነው፣ በረዶ ላይ የሚወልደው ግልገሉ ነጭ ጸጉራም የሆነው የባህር እንስሳ፣ እናትየው 12 ቀን ገደማ ታጠባውና ጥላው ባህር ትገባለች፣ ተራኪው እዛ ጋ ሲደርስ «ናው ሂ ማስት ፌንድ ፎር ሂምሰልፍ» ይላል። ዲክሽነሪው ፌንድ ለሚለው «መከላከል፣ መመከት» ነው የሚለኝ። እንደዛ ብዬ «አሁን ራሱን መከላከል አለበት» ልል ስል ምስሉ እምቢ ይለኛል፣ የሚያጠቃው ነገር የለማ፣ ድብ የለ ምን የለ፣ ግልገሉ በረዶ ላይ ተዘርግቶ እያላዘነ ነው። ሌላው ቦታ ደሞ መስክ ኦክስ የሚባሉት ጸጉራም የዋልታ ከብቶች ተኩላ ሲመጣባቸው ጥጆቹን መሀል አስገብተው ቀንዳቸውን ወደ ውጪ አዙረው ክብ ሲሰሩ ነው፣ እዛ ጋ ያው ፌንድ ይመጣና «ፌንድ ኦፍ ዘ ዉልቭዝ» ይላል፣ እዚ መመከት ያስኬዳል። ታዲያ አንድ ግስ ነው ሁለት ግስ? ለመጀመሪያውስ ምን ልበል?

ቶሎ_መላሽ
እንደ ሁለት ግስ ያዛቸው ትገላገላለህ። ፌንድ ኦፍ ካለ መከተ፣ አባረረ፣ አራቀ። ፌንድ ፎር ብሎ ራስ ካስከተለ ራሱን ቻለ። አለቀ።

አለላ
አላለቀም ባክህ 😄 «ራሱን ቻለ» የ12 ቀን ግልገል ላይ እንዴት ብሎ ነው የሚሄደው? ራሱን ቻለ ስንል እኮ ሰው አድጎ ስራ ይዞ ቤት ተከራይቶ ነው፣ የሚያኮራ ነገር ነው፣ እናት ለጎረቤት የምታወራው ነገር። ይሄ ግልገል ምን ችሏል? ገና መዋኘት እንኳ በቅጡ አያውቅም።

የድሮ_መምህር
ልጆች፣ እስኪ ከሥሩ እንነሳ፣ ሥሩን ካወቃችሁት ሁለቱ ትርጉሞች የት እንደተለያዩ ይታያችኋል። ፌንድ ብቻውን የተወለደ ግስ አይደለም። ዲፌንድ ከሚለው ላይ የፊተኛው ቀለም ወድቆ የቀረው ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ1300 አካባቢ ጀምሮ በአጭሩ ሲጻፍ ይገኛል። እንግሊዝኛ ደግሞ የቃል ራስ መቁረጥ ልማዱ ነው፤ አጥር የምንለው ፌንስ ከዲፌንስ የተቆረጠ ነው፣ ስፖርትም ከዲስፖርት፣ ዛሬ ቆንጆ ለማለት የሚጠቀሙበት ኪውት ደግሞ ከአኪውት። ዲፌንድ ራሱ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የገባ ነው፣ በላቲኑ ውስጥ መምታት የሚል ሥር አለበት፣ ፊቱ ላይ «ዴ» ሲገባበት መትቶ ማራቅ ሆነ፣ «ኦብ» ሲገባበት ደግሞ በሰው ላይ መሰንዘር ሆነና ኦፌንድ የሚለው ከዚያ ወጣ። የሚያስቀይመውና የሚከላከለው ካንድ ሥር ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ፌንድ መጀመሪያ ያው መከላከል ነበር። ቆይቶ ለአንድ ሰው መከታ መሆን፣ ቀጥሎ ለዚያ ሰው የሚያስፈልገውን ማቅረብ ወደ ማለት ተንሸራተተ፣ «ፌንድ ፎር» ብሎ ራስን ማስከተል የመጣው በ1600ዎቹ ነው። ስለዚህ ግልገሉ ጠላት አለው አልተባለም፣ የሚያቀርብለት የለም ነው የተባለው። የሚያበላው የለም፣ የሚያሳየው የለም፣ ከብርድ የሚሸሽገው የለም፣ መከላከሉም ካስፈለገ እዚያው ውስጥ ይጠቃለላል።

ቶሎ_መላሽ
ጋሼ እርስዎ ሲያስረዱ ደስ ይላል ግን ለሰብታይትል ይሄ ሁሉ ሁለት መስመር ውስጥ አይገባም 😂

የድሮ_መምህር
አይገባም ልጄ፣ እሱማ የልጁ ፈንታ ነው።

ሰብታይትል_ሰሪው
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ በጣም ጠቅሞኛል። ተንሸራተተ ያሉት ነው የገባኝ። አማርኛውም እኮ «መከታ» ሲል እንደዛው ነው፣ ጋሻ መመከቻ የነበረው ቃል «መከታዬ ነው» ሲባል የሚያበላኝ የሚያኖረኝ ማለት ይሆናል። ግን አሁንም ቃል አላገኘሁም። «ራሱን ቻለ» ለሚለው የአለላን ሀሳብ እቀበላለሁ።

ፍጥርጥር
እንደ ፍጥርጥሩ በለው! «ከእንግዲህ እንደ ፍጥርጥሩ ነው»። ቁልጭ ያለ አማርኛ፣ አጭር፣ ከዚ የተሻለ አታገኝም።

አለላ
@ፍጥርጥር ስምህን ማስተዋወቅህ ነው እንጂ አይሆንም ሃሃሃ። እንደ ፍጥርጥርህ የሚለው ሰው እኮ እጁን የታጠበ ሰው ነው፣ ተናጋሪው ራሱ ደንታ የለውም ማለት ነው፣ ተራኪው ደሞ ድምጹን ዝቅ አርጎ ግልገሉን እያዘነለት ነው የሚያወራው። አንዱ ሌላውን ተቆጥቶ ጥሎት ሲሄድ ከሆነ እሺ፣ «ፋይን፣ ፌንድ ፎር ዩርሰልፍ!» ብሎ በር ቢዘጋ እዛ ጋ እንደ ፍጥርጥርህ ልክ ይገባል።

ፍጥርጥር
እሱ እንኳ ልክ ነሽ። ተናጋሪው ማነው የሚለውን አላሰብኩም ነበር፣ ግን ለተቆጣው ሰው የኔ ትርጉም ይመዝገብልኝ።

ሁለት_ልጅ_አለኝ
እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። እዚ ክር ላይ ሁላችሁም ፌንድ ፎርን የመከራ ቃል አድርጋችሁት ነው የምታወሩት፣ ግን በየቤቱ የሚባለው ሁሉ እንደዛ አደለም። እንግሊዝኛ የሚያወሩ ወላጆች «ዘ ኪድስ አር ኦልድ ኢናፍ ቱ ፌንድ ፎር ዘምሰልቭዝ» ሲሉ እያዘኑ አደለም የሚሉት፣ እፎይ እያሉ ነው። ልጆቹ ደርሰዋል ልብሳቸውን ፈልገው ይለብሳሉ የሚበሉትን ፍሪጅ ከፍተው ያሞቃሉ እኔ አሁን ልቀመጥበት ማለት ነው። እንዲያውም «ፌንድ ፎር ዩርሰልፍ ናይት» የሚሉት ነገር አላቸው፣ ማታ ማንም እራት አይሰራም፣ ሁሉም ኩሽና ገብቶ ያገኘውን ይቀምሳል፣ ይሄ ቀልድ ነው፣ ማንም አልተጣለም። ስለዚ አለላ፣ ራሱን ቻለ የሚለውን ሙሉ በሙሉ አትጣይው፣ እዚ ጋ ይሰራል።

አለላ
እውነትሽን ነው እህቴ፣ ይሄንን አልተቃወምኩም። እንደውም አንቺ ያልሽው ነገር ላይ ልጨምር፣ የመከራው ጣዕም የሚመጣው ከፌንድ ሳይሆን ፊቱ ከሚቀድሙት ቃላት ነው። «ኦልድ ኢናፍ ቱ» ወይም «ኤብል ቱ» ከቀደመው ችሎታ ነው፣ እሰይ የሚያስብል። «ሌፍት ቱ ፌንድ ፎር ዘምሰልቭዝ» ካለ ግን ክስ ነው። «ሌፍት» እዛ ጋ ተተዉ ማለት ነው፣ ማን ተዋቸው? አይናገርም። ዜና ላይ በጣም የሚወዱት አባባል ነው፣ መንገደኞቹ ኤርፖርት ውስጥ ሌፍት ቱ ፌንድ ፎር ዘምሰልቭዝ፣ አዲስ ተቀጣሪዎቹ ያለ ስልጠና ሌፍት ቱ ፌንድ ፎር ዘምሰልቭዝ፣ ሁሌ የሆነ ማድረግ የነበረበት አካል አለ ግን ስሙ አይጠራም፣ አንባቢው ራሱ ጣቱን እንዲቀስር ነው የሚተወው። ስለዚ ስትተረጉሙት «ራሳቸውን ቻሉ» ካላችሁት ክሱ ይጠፋል፣ ጭራሽ ምስጋና ይሆናል! ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ። «ዞር ብሎ ያያቸው የለም» ወይም «የሚደርስላቸው አጡ» ማለት ሺ ጊዜ ይሻላል፣ ፌንድ የሚለው ቃል ባይተረጎም እንኳ ነገሩ ተተርጉሟል።

ቶሎ_መላሽ
«የሚደርስላቸው አጡ» አሪፍ ነው ይሄን ወስጃለሁ።

ወደብ_ላይ
ፌንድ ሲባል እናንተ እንስሳ ትዝ ይላችኋል እኔ ጀልባ ነው ትዝ የሚለኝ ሃሃ። ጀልባ ላይ ነው የምሰራው፣ ጎኑ ላይ በገመድ የምናንጠለጥላቸው ትላልቅ አየር የተሞሉ ፕላስቲኮች አሉ፣ ፌንደር ነው የሚባሉት፣ ጀልባው መድረኩን ወይም ሌላ ጀልባ ሲጠጋ መሀል ገብተው ግጭቱን እነሱ ይቀበላሉ። ትርጉሙን ያየሁት እዛ ነው፣ ፌንደር ማንንም አይመታም አያባርርም፣ ርቀት ነው የሚጠብቀው። ካፒቴኑ ስንጠጋ «ፌንድ ኦፍ!» ብሎ ሲጮህ አጥቁ ማለቱ አደለም፣ እንዳይነካ ግፉት ማለቱ ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ነገር ግን ምን መሰላችሁ፣ ፌንድ ኦፍ ሲባል እግርህን እንዳታወጣ! ጀልባው ዝግ ብሎ የሚመጣ ይመስላል እኮ፣ ሰው በደመነፍስ እግሩን ወይም እጁን ይሰድና ልግፋው ይላል፣ ብዙ ቶን ነገር ግን በእግር አይቆምም፣ እግሩ በጀልባውና በሲሚንቶው መሀል ይጨፈለቃል። በፌንደሩ ወይም ቦት ሁክ በምንለው ረጅም መንጠቆ ነው የሚገፋው፣ እሱ ካልደረሰ ደሞ ጀልባው ይጋጭ፣ ቀለም ይቀባል እግር አይቀባም።

ሰብታይትል_ሰሪው
ይሄ በጣም ይገርማል፣ የመኪና ፌንደርም ከዚሁ ነው ማለት ነው?

ወደብ_ላይ
አዎ ያው ነው፣ የመኪናው ግን እንደ አገሩ ነው። አሜሪካኖች ፌንደር የሚሉት ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ነው፣ እንግሊዞች እሱን ዊንግ ነው የሚሉት። ፊትና ኋላ ያለው ባምፐር ነው። አሜሪካኖቹ ቀላል ግጭት ሲሆን «ፌንደር ቤንደር» ይሉታል፣ ፌንደር ያጣመመ ማለት ነው፣ ሰው አልተጎዳም ቆርቆሮ ነው ለማለት። እሳት የሚነድበት ምድጃ ፊት የሚቀመጥ ዝቅ ያለ ብረትም ፌንደር ይባላል፣ ፍሙ ተንከባሎ ምንጣፍ ላይ እንዳይወጣ።

ራግቢ_አፍቃሪ
ርቀት ይጠብቃል ያልከው ነገር ራግቢ ላይም አለ! ኳስ የያዘው ተጫዋች ሊይዘው የመጣውን በተዘረጋ መዳፍ ደረቱን ወይም ትከሻውን ገፍቶ ሲያልፍ እንግሊዞች ሃንድ ኦፍ ይሉታል፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንዶች ግን ፌንድ ነው የሚሉት፣ እዛ ስም ነው ግስ ብቻ አደለም፣ «ዋት ኤ ፌንድ» ይላሉ ኮሜንታተሮቹ። የአሜሪካን ፉትቦል ላይ ደሞ ያው እንቅስቃሴ ስቲፍ አርም ነው ስሙ። ራግቢው ላይ መዳፍ ክፍት መሆን አለበት፣ በቡጢ ከሆነ ፋውል ነው። የቃሉን ጠባይ እዚ ጋ ታየዋለህ፣ ገፍተህ ታልፋለህ እንጂ አትማታም።

ጥርጣሬ
ይቅርታ እኔ ግን አልገባኝም፣ ዲፌንድ ብሎ ሙሉውን መጻፍ ምን ይጎድለዋል? ግማሹን ቆርጠው ለተማሪ ራስ ምታት ሰጡ። ዲፌንድ ዘ ዉልቭዝ ቢል ያው አደል?

የድሮ_መምህር
አይ ወዳጄ፣ እንዲህ ብትል ለተኩላዎቹ ጠበቃ መቆምህ ነው! ዋናው ልዩነት ይሄው ነው፣ ሁላችሁም ብትይዙት ይጠቅማል። ዲፌንድ ቀጥሎ የሚመጣው የምትጠብቀው ነገር ነው፣ ከተማውን፣ ልጁን፣ ሃሳብህን። ፌንድ ኦፍ ቀጥሎ የሚመጣው የምታርቀው ነገር ነው፣ ተኩላውን፣ ጥያቄውን፣ ጉንፋኑን። በሬዎቹ ጥጃዎቹን ዲፌንድ ያደርጋሉ ተኩላዎቹን ፌንድ ኦፍ ያደርጋሉ፤ ስራው አንድ ነው፣ የሚያየው ዓይን ነው የተለያየው። በአማርኛም «ተከላከለ» ስንል ሁለቱንም ስለምንል ነው የሚያምታታን፣ አገሩን ተከላከለ እንላለን፣ ጠላትን ተከላከለ እንላለን፣ እነሱ ግን ለይተው አስቀመጡት።

ጥርጣሬ
አሃ!! ይሄ ነው ሲምታታብኝ የኖረው። እሺ ጋሼ ተሸነፍኩ።

ነርስ_ነኝ
ጉንፋን ሲባል ሰማሁና መጣሁ ሃሃ። በህክምና ጽሁፍ ላይ ፌንድ ኦፍ በጣም አለ፣ ሰውነት ኢንፌክሽን ፌንድ ኦፍ ያደርጋል ይባላል፣ ነጭ የደም ሴሎች ምናምን ሲብራራ። ግን እሱን የሚመስሉ ሁለት ጓደኞች አሉት እነሱን ለይታችሁ ካልያዛችሁ ትሳሳታላችሁ፣ ዋርድ ኦፍ እና ስቴቭ ኦፍ። ዋርድ ኦፍ ገና ሳይመጣ እንዳይጠጋ ማድረግ ነው፣ በሽታም ይሁን ክፉ መንፈስም ይሁን፣ ቀድሞ መጠበቅ አለበት፣ ዋርድ ራሱ ጋርድ ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው። ስቴቭ ኦፍ ደሞ ለጊዜው ማዘግየት ነው፣ ረሃብን ስቴቭ ኦፍ ታረጋለህ፣ ኪሳራን ስቴቭ ኦፍ ታረጋለህ፣ አልጠፋም ግን ዛሬ አልደረሰም። ስቴቭ ዱላ ነበር፣ ውሻን በዱላ ከማራቅ ነው የመጣው። ፌንድ ኦፍ ግን ነገሩ መጥቷል፣ ፊትህ ቆሟል፣ አሁን እየገፋኸው ነው። እንባ ላይ ደሞ እምብዛም አይሰሩም፣ እንባን ብዙ ጊዜ ፋይት ባክ ወይም ሆልድ ባክ ነው የሚሉት፣ ከውስጥ ስለሚመጣ ይመስለኛል፣ ይሄ የኔ ግምት ነው። እንቅልፍ ግን ከውስጥ መጥቶም ፌንድ ኦፍ ይባልለታል ስለዚ ግምቴን ተዉት 😅

ኳስ_ብቻ
በረኛስ? በረኛው ኳሱን ፌንድ ኦፍ አደረገ ይባላል?

ራግቢ_አፍቃሪ
ቢባል ሰው ይገባዋል ግን የኮሜንታተሮቹ ቃል ፓሪ ነው፣ ኳሱን ሳይይዘው በመዳፉ ሲመልሰው። ፓሪ የጎራዴ ውጊያ ቃል ነበር፣ የተሰነዘረውን በጎራዴ ጠርጎ ማሳለፍ። ፌንድ ኦፍ ስፖርት ላይ የሚመጣው ተቀናቃኝ ላይ ነው፣ መሪው ሯጭ ከኋላ የመጣበትን ፌንድ ኦፍ አደረገ፣ ቴኒስ ላይ ደሞ ማች ፖይንቶችን ፌንድ ኦፍ አደረገች ይላሉ፣ አንድ ነጥብ ቢገባባት ታልቅ ነበር ግን መለሰችው።

ፓራሹት
@ራግቢ_አፍቃሪ ፓሪ ካነሳህ አይቀር፣ ፓራሹትና ፓራሶል ውስጥ ያለው «ፓራ» ያው ነው፣ መመከት፣ አንዱ ውድቀት ይመክታል አንዱ ፀሐይ። ከርዕስ ወጣሁ ይቅርታ።

ቢሮ_ሰለቸኝ
እኔ ደሞ ይሄን ግስ የማገኘው ኢሜይል ላይ ነው፣ አለቃዬ በየሳምንቱ «አይቭ ቢን ፌንዲንግ ኦፍ ኮልስ ኦል ሞርኒንግ» ትላለች፣ ማንም አላጠቃትም፣ ስልክ በዛብኝ ለማለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ጸብ ያለ ይመስለኝ ነበር ቃሉን ስሰማ ሃሃ። ጥያቄም እንደዛው ነው፣ ባለስልጣን ከጋዜጠኞች ጥያቄ ፌንድ ኦፍ ሲያደርግ መልስ አልሰጠም ግን ዝምም አላለም፣ ቃላት ሰጥቶ አሳለፋቸው። ለዛ «ጥያቄውን ሸሸ» ብለው ሲተረጉሙት አያለሁ፣ ሸሸ ትንሽ ይከብዳል፣ የሸሸ ሰው ሄዷል፣ ይሄኛው ቆሞ እየመለሰ ነው ያለው፣ «አድበስብሶ አለፈው» ብለው ነው የምመርጠው። ቢዝነስ ዜና ላይ ደሞ ኩባንያ ሊገዛው የመጣውን ሌላ ኩባንያ ፌንድ ኦፍ አደረገ ይላል፣ እዛ ላይ አልሸጥም ብሎ መለሰው ማለት ነው፣ መከተ ማለት እዛ ላይ ይሰራል፣ አንዳንዴ መከተ ጦርነት ያስመስለዋል ግን እነሱም ራሳቸው ሆስታይል ቴክኦቨር፣ በጠላትነት መውሰድ፣ ነው የሚሉት፣ ጦርነት ነው በቃ።

ጥርጣሬ
ራስን መከላከል ትምህርት ላይስ? እንግሊዝኛ ቪዲዮ ሳይ ብሎክ፣ ፓሪ፣ ፌንድ ኦፍ እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት።

ነርስ_ነኝ
ብሎክ አንድ ምት ነው፣ ምቱን አስቆምከው። ፓሪም አንድ ምት ነው፣ አቅጣጫውን አሳትከው። ፌንድ ኦፍ ግን ሙሉ ግብግቡን ነው የሚያጠቃልለው፣ አጥቂው መጣ ሞከረ አልሆነለትም። ማን እንዳሸነፈ ግን አይናገርም፣ ወንጀለኛው ተይዞ ሊሆን ይችላል ሮጦ ሊሆን ይችላል፣ የሚነግርህ አለመሳካቱን ብቻ ነው። ዜና ላይ ልብ ብለህ ካየህ ደሞ ቀጥሎ «ዊዝ» መምጣቱ አይቀርም፣ በጃንጥላ ፌንድ ኦፍ አደረገችው፣ በመጥረጊያ፣ በቦርሳ፣ ሁሌ እጅ ላይ የተገኘ ነገር ነው። ሽጉጥ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ተኮሰ ነው የሚሉት።

ሰብታይትል_ሰሪው
ይሄ የዊዝ ነገር እውነት ነው፣ እዚሁ ዶክመንተሪ ላይ ጃርቱ አንበሶቹን «ዊዝ ሂዝ ኩዊልስ» ይላል። በወስፌው ብለን እንጨርሰው።

እስካሁን ያለውን ሰብስቤ እንዲህ አስቤያለሁ። ለከብቶቹ «ተኩላዎቹን እየመከቱ ነው» ብያለሁ፣ አጭር ነው። ለግልገሉ ግን ከመጣው ሀሳብ ሁሉ የወደድኩት አለላ ያለችው ነው፣ ፌንድን ትቶ ነገሩን መተርጎም። «ከእንግዲህ አለኝታው ራሱ ብቻ ነው» ብልስ?

አለላ
በጣም!! አለኝታ ውስጥ ሁለቱም አለ፣ የሚያኖርም የሚጠብቅም፣ ጋሼ መከታ ወደ ማቅረብ ተንሸራተተ ያሉትን በአንድ ቃል ያዝክልን።

የድሮ_መምህር
ጥሩ ነው። «ብቻ» የምትለዋን ቦታ ካጠረህ አውጣት፣ «ራሱ ነው» ይበቃል።

ፍጥርጥር
ተሸነፍኩ፣ ግን ሁድድ ሲል የሚባለው ዝርያ ከመጣ ለሱ የኔን ተጠቀም፣ እሱ እኮ 4 ቀን ገደማ ብቻ ነው የሚጠባው፣ ከአጥቢ እንስሳ ሁሉ አጭሩ ነው፣ እንደ ፍጥርጥሩ ማለት እሱ ነው 😂

ሁለት_ልጅ_አለኝ
4 ቀን!! እኔ 14 ዓመት ሆኖት ካልሲውን አያገኝም።

ሰብታይትል_ሰሪው
ሃሃሃ። የሃርፕ ሲሉ ግልገል ግን ከዛ በኋላ ለሳምንታት ምንም ሳይበላ ነው የሚቆየው፣ ስታጠባው ያከማቸውን ስብ እያቃጠለ፣ ራሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ማደን እስኪጀምር። ተራኪው «ፌንድ» የሚልበት ሰዓት ላይ ግልገሉ ምንም እያደረገ አደለም፣ ለዛ ነው መከላከል ስል ያልጣመኝ። ኦራንጉታን ላይ ሲደርስ ደሞ በተቃራኒው ነው፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ብዙ ዓመት ይቆይና ከዛ በኋላ «ሪዲ ቱ ፌንድ ፎር ሂምሰልፍ» ይላል፣ እዛ ጋ በ@ሁለት_ልጅ_አለኝ መንገድ «ራሱን ለመቻል ደርሷል» ብያለሁ።

ጀማሪ_07
ክሩን ሙሉ አነበብኩት በጣም አሪፍ ነው፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ። ያለፈው ጊዜ ፌንት ነው? ሴንድ ሴንት፣ ሌንድ ሌንት፣ ስፔንድ ስፔንት እንደሚባለው። ሌላው ደሞ «ፌንድ ኦፍ ሂም» ነው «ፌንድ ሂም ኦፍ»?

የድሮ_መምህር
ፌንት አይባልም፣ ፌንዲድ ነው፣ እንደ ሜንድና ቴንድ መደበኛ ነው። ለሁለተኛው፣ ስም ከሆነ በሁለቱም ቦታ ይሄዳል፣ «ፌንድ ኦፍ ዘ ዶግ» ብትል «ፌንድ ዘ ዶግ ኦፍ» ብትል ልክ ነህ። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሀል መግባት አለበት፣ «ፌንድ ሂም ኦፍ»። ፎር ያለው ላይ ይሄ መፍታታት የለም፣ ፌንድና ፎር አይለያዩም፣ ቀጥሎም ራስን የሚያመለክተው ነው የሚመጣው፣ ማይሰልፍ፣ ኸርሰልፍ፣ ዘምሰልቭዝ።

ጀማሪ_07
ሁልጊዜ ራስ ነው? ለሌላ ሰው ፌንድ ማድረግ የለም?

የድሮ_መምህር
አለ፣ ጥቂት ነው እንጂ። አንዲት እናት «ፎር ኸርሰልፍ ኤንድ ኸር ቺልድረን» ስትባል ታገኛለህ፣ ራስዋንም ልጆችዋንም ታኖራለች ለማለት። ከራስ ውጪ ብቻውን ሲመጣ ግን ጆሮ ትንሽ ይቆረቁረዋል፣ ያን ጊዜ «ፕሮቫይድ ፎር» ነው የሚቀለው።

ጀማሪ_07
ተረዳሁ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ።

ወደብ_ላይ
@ጀማሪ_07 ጀልባ ላይ ከመጣህ ግን ሂምም ዶግም የለም፣ «ፌንድ ኦፍ!» ብቻ ነው፣ ማንን ብለህ አትጠይቅ ፌንደሩን ያዝ።